ከአፈ ወርቅ እስከ አፈ ቄሣር፦ የአንድ ዳኛና ጋዜጠኛ ሕይወት፣ የተዋቸውም ጽሑፎች



ከመካከላችን አንድ ሰው ሲለየን፣ አፈር ከመልበሱ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ ስንት ልጅ አፈራ፣ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበረ እየተባለ ይዘረዘራል። ክፉውን የሚያነብ የለም። ይኸም ተገቢ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ቆሞ የሟችን ጥፋት መቁጠር ነውር ነው፤ አበውም ሙት ወቃሽ አትሁን ብለዋል። መጽሔታችን ግን ለቅሶ ቤት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ረጋ ብለን የምንነጋገርበት ስለሆነ፣ ለዘንድሮው እትም የሕይወት ታሪካቸውን መቃብር ላይ ቆሞ ማንበብ የሚያስቸግር አንድ ሰው መርጠናል።

እኚህ ሰው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉ፣ በድንበር በራችን በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም፣ ኋላም የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ በስተመጨረሻ ደግሞ በጠላት ዘመን ለጠላት ጋዜጣ ብዕራቸውን ያዋሱ ሰው ናቸው። አንዳንዱ አባል «ታዲያ ስለ ባንዳ ለምን እናነባለን?» ይል ይሆናል። እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ሰውየውን ቀብረን ልንተዋቸው እንችላለን፤ ጽሑፋቸውን ግን መቅበር አንችልም፣ አይገባምም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናቀርባለን። አስቀድመን ታሪካቸውን እንከተል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንሰጣለን።

ከዘጌ ወደ ጣሊያን አገር

አፈወርቅ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ነው። ዘጌ የቡናና የገዳማት አገር ናት። የገዳማቱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ በመሆኑ፣ እዚያ ያደገ ልጅ ዓይኑን የሚከፍተው በቅዱሳን ሥዕል ላይ ነው። አፈወርቅም ገና በልጅነታቸው የሥዕል ተሰጥዎ ታየባቸው። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር በዝምድና ይገናኙ ስለነበር ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለመቅረብ አልተቸገሩም። በ1879 ዓ.ም. ገደማ ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣሊያን አገር ተላኩ፤ በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ገቡ።

ተምረው ሲመለሱ በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራ ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ ከእቴጌይቱ ጋር ሳይስማሙ ቀሩ። ብዙም ሳይቆዩ ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በዚህኛው ጉዞ ጉግሣ ዳርጌና ቅጣው ዘአማኑኤል የተባሉ ወጣቶች አብረዋቸው ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ሄዱ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጥፋት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አገር ሁሉ ወደ ዐድዋ በሚዘምትበት ጊዜ፣ አፈወርቅ ከወጣቶቹ ጋር ከስዊስ ተነሥተው ወደ ጣሊያን ተሻገሩ። ጣሊያኖችም በደስታ ተቀበሏቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦራችን ዐድዋ ላይ ድል ሲያደርግ፣ እሳቸው በተሸነፈው ወገን አገር ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሯቸው እዚያው ሆነ፤ ጣሊያናዊት አገቡ፣ ልጆችም ወለዱ።

በስደት የተጻፉት መጻሕፍት

ከ1895 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አፈወርቅ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ለማስተማር ከፕሮፌሰር ጋሊና ጋር ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ይህ ዘመን የብዕራቸው ዘመን ነው። በጣሊያንኛ የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ፤ ቆይተውም ስለ አማርኛ ግሥ ሌላ መጽሐፍ ጨመሩ። በፈረንሳይኛና በአማርኛ ንግግር የተዘጋጀ፣ ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ መሪ የሚሆን መጽሐፍም አወጡ። ይህ መጽሐፍ ለመንገደኛ ይባል እንጂ ውስጡ ብዙ ነገር ይዟል። በንግግር መልክ የአገሩን አስተዳደር፣ ወታደር በገበሬ ላይ የሚያደርሰውን ግፍና የባሪያ ንግድን አምርሮ ይነቅፋል።

በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ዳግመኛ ታትሟል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ተማርኮ በባርነት ይወድቃል። አንድ የማያውቀው ነጋዴ አዝኖለት ራሱን የሚዋጅበት ገንዘብ ይሰጠዋል። ልጁ ዋሂድ የዚያን ደግ ሰው ውለታ ለመመለስ ሲወጣ እሱም በተራው በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይገባል። መንታ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። መጽሐፉ ከመቶ ገጽ ያነሰ ትንሽ ነው። ቢሆንም በአማርኛ የዚህ ዓይነት ድርሰት ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ አባላት ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሄደው «ልብ ወለድ» ይማራሉ። መጻሕፍት መደብር ገብተንም «ልብ ወለድ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ይህ ቃል የዚያ የሮማው መጽሐፍ ርእስ ነው። የአንድ መጽሐፍ ስም የጽሑፉ ዓይነት ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የአፈወርቅን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ በየዕለቱ በቃላቸው ይናገራል።

በዓመቱ በ1901 ዓ.ም. «ዳግማዊ ምኒልክ» የተሰኘው የታሪክ መጽሐፋቸው፣ እሱም ሮማ ላይ፣ ታተመ። ንጉሠ ነገሥቱን እጅግ ያመሰግናል፤ ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ግን ይነቅፋል። በዐድዋው ዓመት ንጉሡን ጥለው የሄዱ ሰው ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የንጉሡን ውዳሴ ማሳተማቸው ያስገርማል። ከቤተ መንግሥት ጋር ለመታረቅ ነው የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ አማርኛው የሚደነቅ ነው፤ ለስላሳ፣ የሚፈስ፣ ተረትና ጨዋታ የተሞላ።

መጽሐፉን ሁሉ ሰው አልተቀበለውም። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው አፈወርቅን አድልዎ አለባቸው ብለው ነቀፉ፤ የታሪክ ጸሐፊ የወደደውን እያሞገሰ የጠላውን እያዋረደ መጻፍ የለበትም የሚል ነው ሐሳባቸው። ይህ ነቀፌታ ከመቶ ዓመት በፊት የተሰነዘረ ነው። ዛሬም ቢሆን ታሪክ እንጽፋለን ለምንል ሁሉ ይሠራል፤ በየቀብሩ የምናነበውን የሕይወት ታሪክ ለምናዘጋጅ የእድር ጸሐፊዎችም ጭምር።

ድሬዳዋ፦ የጉምሩክ በርና የልዩ ፍርድ ቤት ወንበር

ዳግማዊ ምኒልክ ካረፉ በኋላ አፈወርቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጥፋታቸው ታለፈላቸውና መንግሥት ሥራ ሰጣቸው። ከ1914 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ድሬዳዋ በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች ካላወቅን የሹመቱ ክብደት አይገባንም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዐሥራ አራት ዓመታት ውስጥ ወደ አገር የሚገባውና ከአገር የሚወጣው ዕቃ ብዙው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ወደ ግመልና በቅሎ፣ ከግመልና በቅሎ ወደ ባቡር ይጫን ነበር። የሐረርና የጨርጨር ቡና፣ ቆዳው በዚህ ይወጣል፤ አቡጀዲው፣ ብረቱ፣ መሣሪያው በዚህ ይገባል። በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በአንድ በኩል ቀጥ ባለ ጎዳና የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው በኩል የገበያው ሰፈር መጋላ ነበር። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ገበያ ይገናኝ ነበር። ሰው በበዛበት ሙግት ይበዛል።

ነጋድራስ ማለት ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም። የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ በነጋዴዎች መካከል ክርክር ሲነሣም ዳኛ ነው። አፈወርቅ በመንገደኛው መጽሐፍ ሹማምንቱን ሲነቅፉ ኖረው፣ አሁን ራሳቸው ሹም ሆኑ። የሚገርመው፣ እሳቸውን የነቀፉት ገብረሕይወት ባይከዳኝም ቀደም ብለው በዚያው በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተው፣ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐርፈዋል። የገብረሕይወት ዋና ሥራ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ነው። አንድ ወዳጅ የሟቹን ወረቀት ጠብቆ ለማተሚያ ቤት ባያደርሰው ኖሮ ዛሬ በኢኮኖሚ ትምህርት ስማቸውን የሚያነሣ ባልኖረ ነበር። ይህን በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከ1917 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አፈወርቅ የድሬዳዋ ልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ፍርድ ቤት ለምን «ልዩ» እንደተባለ ብዙዎቻችን ሳናውቅ አንቀርም ብለን ባንገምትም፣ ለወጣቶች ስንል እናስረዳ። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ፈረንሳዮች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው የራሳቸው ቆንስል ነው። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ግን ኢትዮጵያዊ ዳኛ ቆንስሉ ባለበት ያስችላል። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ ይፈረዳል። ዳኛውና ቆንስሉ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ የሌሎች መንግሥታት ሰዎችም ያንኑ መብት ተካፈሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጨርጨር ገበሬ ቡናውን ለውጭ ዜጋ ሸጦ ዋጋው ተከለከለ እንበል። ከሳሹ ገበሬው ነው፤ ተከሳሹ የውጭ ሰው ነው። ስለዚህ ገበሬው በገዛ አገሩ፣ በማያውቀው ቋንቋ በተጻፈ ሕግ ይሟገታል። አጠገቡ ካለው ዳኛ ጎን የባለጋራው ቆንስል ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ችሎት ላይ የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ የፈረንጁን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ፣ ለቆንስሉ የማይደነግጥ ሰው መሆን ነበረበት። ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚያውቁት አፈወርቅ ለቦታው የተመረጡት ለዚህ ነው። ዕውቀታቸው በእርግጥ ለአገር አስፈላጊ ነበር። ይህን መካድ አንችልም።

በ1924 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ወደ ሮማ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተላኩ። ኢትዮጵያን ወክለው ሙሶሊኒ ከተማ ተቀመጡ። ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የዚያ ሁሉ የዲፕሎማሲ ሥራ ማብቂያ ሆነ።

የጠላት ዘመን ጋዜጣ

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ያስፈለገው ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገርለት አፍም አስፈለገው። «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ አወጣ። ለዚህ ጋዜጣ ብዕራቸውን ከሰጡት ዋነኛው አፈወርቅ ነበሩ። «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተሰጣቸው።

የማዕረጉን ነገር እናስተውል። በአገራችን ደንብ የፍርድ የበላዩ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ጣሊያን ይህን የቆየ የዳኝነት ማዕረግ ወስዶ «ንጉሥ» የሚለውን በ«ቄሣር» ተካው። ወላጆቻቸው አፈ ወርቅ፣ የወርቅ አፍ ብለው የሰየሟቸው ልጅ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው የቄሣር አፍ ሆኑ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን የስም ለውጥ አናውቅም።

ሁሉም እንዲህ አላደረገም። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጣሊያን እንዲገዛ አልሰብክም ብለው በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። አፋቸውን እንዲያውሱ ተጠይቀው እምቢ አሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ከውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶችም ተለቅመው ተገደሉ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጆችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። አባታቸው፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ የጻፉት ሰው፣ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። በሱዳን በኩል ደግሞ «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም እየታተመ ለአርበኞች ይገባ ነበር። ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ፣ አማርኛ በአማርኛ ላይ ተሰልፎ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ አፈወርቅን ምን ነካቸው? ብዙ ዓመት የኖሩት ጣሊያን አገር ነው፤ ትዳራቸው እዚያ ነው፤ የአገራቸውን አስተዳደር ኋላ ቀር ነው ብለው ከልጅነት ጀምሮ ይንቁት ነበር፤ ሥልጣኔ ከአውሮፓ እንጂ ከሌላ አይመጣም ብለው ያምኑ ነበር። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ይቅርታ ግን አይሆኑም። ገብረሕይወትም የአገራቸውን አስተዳደር አምርረው ነቅፈዋል፤ ነቀፌታቸው ግን አገሪቱ ራስዋን ችላ እንድትቆም ነበር። ቤቱ ፈረሰ ብሎ የሚጮህና ቤቱን ለሌባ የሚከፍት ሰው አንድ አይደሉም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመለሰ። አፈወርቅ ተይዘው ተፈረደባቸውና ወደ ጅማ ተጋዙ። ዓይናቸው ጠፋ። ሠዓሊም ጸሐፊም የነበሩት ሰው ብርሃናቸውን አጥተው በ1940 ዓ.ም. መስከረም ወር እዚያው ጅማ ሞቱ።

ወረቀቶቹን ምን እናድርጋቸው?

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ሰውየው በሕግ ተዳኝተዋል፤ ፍርዳቸውን ተቀብለው ሞተዋል። የቀረው ወረቀታቸው ነው። ወረቀቱስ ምን ይደረግ?

አንዳንዱ ሰው «ከሀዲ የጻፈውን ማን ያነባል፣ ይጣል» ይላል። ይህ ቢደረግ ኖሮ የመጀመሪያውን ልብ ወለዳችንን ባጣን ነበር። ደግነቱ አልተደረገም። ታሪክ ዐዋቂው ታደሰ ታምራት «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ወደ እንግሊዝኛ መልሰውታል፤ የጣሊያኑ ሊቅ ፉዜላ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን ወደ ጣሊያንኛ ተርጉመዋል፤ ፈረንሳዊው አላን ሩዎ ስለ ሕይወታቸው ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሌላው ሰው ደግሞ «ትልቅ ደራሲ ናቸው፣ የጋዜጣውን ነገር አታንሡ» ይላል። ይህም ልክ አይደለም። ጋዜጣውን ከሸሸግነው፣ አንድ ጥሩ አማርኛ የሚችል ሰው ችሎታውን ለክፉ ነገር እንዴት እንደሚያውለው ልጆቻችን በምን ያውቃሉ? «ጦቢያ»ን የጻፈው እጅና በቄሣር ጋዜጣ የጻፈው እጅ አንድ ነው። ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ሰው፣ ጥሩ አነጋገር ብቻውን እውነት እንደማይሆን ይማራል። ዛሬ በየአቅጣጫው አፈ ጮሌ በበዛበት ጊዜ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

በእኛ እምነት የሰው ወረቀት እንደ ዳኛ አንድ በአንድ መታየት አለበት። ጥሩውን ለክፉው ብሎ ማቃጠል፣ ክፉውንም ለጥሩው ብሎ መደበቅ አይገባም። ለዚህ ግን መጀመሪያ ወረቀቱ መኖር አለበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም እንዴ! የገብረሕይወትን ሥራ ያተረፈው የአንድ ወዳጅ ጥንቃቄ እንደሆነ ቀደም ብለን አይተናል።

ይህን ወደ ራሳችን ቤት እናምጣው። የእኛ አካባቢ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከአሮጌዎቹ ሰፈሮች ጋር ሲተያይ አዲስ ሰፈር ነው። ብዙዎቻችን ከሌላ ቦታ መጥተን የሰፈርን ነን። ቤት በተለወጠ፣ ሰፈር በፈረሰ፣ ኪራይ በተዘዋወረ ቁጥር መጀመሪያ የሚጣለው ወረቀት ነው። ሽማግሌ ያርፋሉ፤ ሰልስት ሳይወጣ ሳጥናቸው ይበረበራል፤ የቤት ካርታውና የባንክ ደብተሩ ይወጣና ሌላው በኩንታል ከረጢት ለቆራሌው ይሰጣል። በዚያ ከረጢት ውስጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከዘመቻ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የአሮጌ እድር መዝገብ፣ የመዋጮ ደረሰኝ ይኖራል። በመዝገቡ ላይ ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን ለማን ድንኳን እንደተከለ ተጽፏል። ይህ የሰፈር ታሪክ ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ስለዚህ የጽሑፍ ኮሚቴያችን ለአባላት የሚያሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሐዘን ቤት የሟች ወረቀት ከአርባው በፊት አይጣል፤ ቤተሰቡ ዕንባው ደርቆ፣ ረጋ ብሎ ይየው። ሁለተኛ፣ የቤተሰቡ ጉዳይ ያልሆነ የቆየ ወረቀት ከተገኘ ለእድሩ ጸሐፊ ይነገር፤ ዋጋ ያለው ከሆነ ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወደ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወስዶ ማሳየት ይቻላል። ሦስተኛ፣ የሚያሳፍር ነገር የያዘ ወረቀት ቢሆንም አይቃጠል። ታሽጎ ይቀመጥ፤ የሚፈርድበት ዘመን ይመጣል። ያፈርንበትን ወረቀት ያቃጠልን ዕለት ከእሱ መማር የሚችለውን የልጅ ልጃችንንም ዕድል አብረን እናቃጥላለን።

ዘጌ የተወለዱት፣ በድሬዳዋ የዳኙት፣ ጅማ የተቀበሩት ሰው ለእኛ የተዉልን ይህን ነው። ጥፋታቸውን ለፍርድ፣ አማርኛቸውን ለትምህርት እንውሰደው።

በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ ለከርሞው በሰላም ያገናኘን።